ፈንጂው ከተነቀለ በኋላ በዐፈር ውስጥ ስለሚቀረው መርዝ

ፈንጂ ተቀብሮበት የነበረ መሬት ተመርምሮና ጠርቶ ለገበሬው በሚመለስበት ቀን የሚደረገው ደስታ የሚገባ ደስታ ነው። እረኛው ከዚያ ወዲያ ከብቱን ያለ ሥጋት ያሰማራል፤ ገበሬውም የበሬውን እርምጃ እየቆጠረ መፍራቱን ትቶ ሞፈሩን ይጨብጣል። ይሁን እንጂ «ይህ መሬት ከእንግዲህ ሰው አይገድልም» ተብሎ የሚሰጠው ቃል ገና ግማሽ ቃል መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። የተቀበረው ፈንጂ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ተፈልጎ ይገኛል፤ ከፈንጂው ወጥቶ ከዐፈሩ ጋራ የተቀላቀለው መርዝ ግን በዚያ መሣሪያ አይገኝም። ድምፅ የለውም፤ ሰውንም በአንድ ቀን አይጥልም፤ በሥርና በውሃ በኩል ቀስ ብሎ ወደ ገበታ ይቀርባል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለእንዲህ ያለው ነገር የተተረተ ይመስላል።

ይህን ጽሑፍ ስንጽፍ በተለይ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በአንጋጫና በሌሎቹም የሐድያና የከምባታ ከተሞች ያሉትን ሹማምንትና የሃይማኖት መምህራን ለማነጋገር የመረጥነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ጦርነት በዚያ አገር ደጃፍ ማለፉ ነው። ሁለተኛው፣ የአገሩ ምግብ በዐፈር ውስጥ የሚያድግና በዐፈር ውስጥ የሚቀመጥ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ የእርሻው ጥበት ነው። እነዚህንም በየተራቸው እንገልጣለን።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ የጠላት ጦር በደቡብና በምዕራብ ገና አልተፈታም ነበር። ከሐይቆቹ አገር ያፈገፈገው የኢጣልያ ጦር የብላቴን ወንዝ እንደ ምሽግ ይዞ በሐላባ ቁሊቶ ቆመ። ከምሥራቅ አፍሪቃ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ግንቦት 11 ቀን ወንዙን ተሻግሮ ሲዋጋ የጠላት ታንኮች በድንገት ወጡበት። ያን ጊዜ ከኬንያ የመጣው ሳጅን ናይጀል ሊኪ በአንዱ ታንክ ላይ ዘልሎ ወጥቶ ክዳኑን ከፈተና በውስጡ የነበሩትን በሽጉጥ መታ፤ ሌላውንም እንዲሁ ሊያደርግ ሲከተል እዚያው ወደቀ። ከሞተ በኋላ ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለው ከፍተኛው የእንግሊዝ የጀግንነት ኒሻን ተሰጥቶታል። ሶዶ በሦስተኛው ቀን፣ ጅማም ሰኔ 14 ቀን ተያዙ። ቁሊቶ ለዱራሜና ለሆሳዕና ነጋዴዎች የታወቀች የገበያ ከተማ ናት፤ የብላቴም ወንዝ ከጉራጌና ከሐድያ ደጋ የሚወርደውን ውሃ እየሰበሰበ በሐላባ በኩል ወርዶ ወደ ዐባያ ሐይቅ ይገባል።

ይህን ታሪክ ማንሣታችን በብላቴ ዳር የሚኖረውን ሕዝብ ለማስፈራራት አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከ80 ዓመት በላይ አልፏል፤ ሣሩም ደጋግሞ በቅሏል። ነገር ግን መድፍና ታንክ የተሰለፉበት ቦታ በታወቀ ቀንና በታወቀ ስፍራ ሲገኝ፣ ዐፈርን ለመመርመር ከዚህ የተሻለ መነሻ አይኖርም። የሰው ትዝታ በሁለት ትውልድ ይደበዝዛል፤ እርሳስና መዳብ ግን በዐፈር ውስጥ ከዚያ ይልቅ ረዥም ዕድሜ አላቸው።

ወደ መላው ኢትዮጵያ በተመለከትን ጊዜ ነገሩ ይሰፋል። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢጣልያ ጋራ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ከሶማልያ ጋራ፣ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በእርስ በርስ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርትራ ጋራ በተደረጉት ጦርነቶች ፈንጂ በየአውራጃው ተቀብሯል። በ1993 ዓ.ም. የፈንጂ ማስወገጃ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ሥራውም በኋላ ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1996 ዓ.ም. የተፈጸመው ሀገር አቀፍ ጥናት ጉዳቱ የሚነካቸውን 1,492 የኗሪ ማኅበረሰቦችና 1,916 የሚጠረጠሩ ቦታዎች መዝግቧል፤ የቦታዎቹም ስፋት ሲደመር ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከነዚህ ብዙዎቹ በኋላ በተደረገው ምርመራ ፈንጂ የሌለባቸው ሆነው ስለ ተገኙ ከመዝገብ ተሰርዘዋል፤ ሌሎቹም በብዙ ድካም ጠርተዋል። ኢትዮጵያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ውል ኅዳር 24 ቀን 1990 ዓ.ም. ፈረመች፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. አጸደቀች፤ በግምጃ ቤት የነበራትንም ከ32,000 በላይ ፀረ ሰው ፈንጂ እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ አጠፋች። መሬቱን አጥርቶ ለመጨረስ የተሰጠው ቀን ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ፣ በዐማራና በዐፋር የተደረገውም ጦርነት በአሮጌው ላይ አዲስ ጨመረበት።

እንግዲህ በፈንጂ ውስጥ ያለው ምንድር ነው? በብዛት የሚገኘው ቲ.ኤን.ቲ. የተባለው ነው፤ ይህንም ጀርመናዊው ዩልዩስ ቪልብራንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1863 ሲያገኘው ለቀለም ሥራ ታስቦ ነበር። ሁለተኛው አር.ዲ.ኤክስ. ይባላል፤ ኀይሉ ከፊተኛው ይበልጣል። ለማቀጣጠያ የሚሆነው ጥቂት ቅመም ደግሞ በእርሳስ፣ በአሮጌዎቹም ጥይቶች በባዜቃ የተሠራ ነው። የጥይቱ ቀፎ ብረት፣ መዳብና ዚንክ አለበት። በኢትዮጵያ ምድር የተለመደው ፒ.ኤም.ኤን. የተባለው የሶቪየት ፀረ ሰው ፈንጂ 240 ግራም ያህል ቲ.ኤን.ቲ. ይይዛል፤ ለታንክ የሚቀበረው ከ6 ኪሎ በላይ ይይዛል። ፒ.ኤም.ዲ. 6 የተባለው ደግሞ ሣጥኑ እንጨት ነው፤ እንጨቱን ምስጥ ሲበላው ወይም ርጥበት ሲያበሰብሰው 200 ግራም የሚሆነው ቅመም ራቁቱን ከዐፈሩ ጋራ ይገናኛል።

ቅመሙ ወደ ዐፈር የሚገባበት መንገድ ሦስት ነው። የመጀመሪያው አሁን የተናገርነው መበስበስ ነው፤ ቀፎው በዝገት ሲበሳ ዝናሙ በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት እያጠበ ያወጣዋል። ሁለተኛው ያልተሟላ ፍንዳታ ነው። ፈንጂ በሚገባ ሲፈነዳ ቅመሙ ተቃጥሎ ያልቃልና የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሳይሟላ ሲፈነዳ ግን ከቅመሙ ትልቅ ክፍል ሳይቃጠል እንደ ዱቄትና እንደ ጠጠር በዙሪያው ይበተናል። ሦስተኛው የሰው እጅ ነው፤ ብረቱን ለመሸጥ ሲል ጥይቱን የሚፈታ ሰው ቅመሙን እዚያው ያፈሰዋል፤ የተሰበሰበ ፈንጂም በአንድ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ሲቃጠል ያ ጉድጓድ የመርዝ ጎተራ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ቅመሞች ጠባያቸው ይለያያል። ቲ.ኤን.ቲ. ከዐፈሩ በተለይም ከብስባሹ ጋራ ይጣበቃል፤ ስለዚህ በላይኛው ዐፈርና በተክል ሥር ዙሪያ ይቀራል። አር.ዲ.ኤክስ. ግን ዐፈሩ አይይዘውምና ከዝናሙ ጋራ ወደ ታች ወርዶ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል፤ በተክልም ውስጥ እስከ ቅጠል ድረስ ይወጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሰው ዕድሜ ልኩን ለሚጠጣው ውሃ ከሁለቱም ከእያንዳንዱ በአንድ ሊትር ውስጥ 2 ማይክሮግራም ብቻ ልክ አድርጎ መክሯል። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። በቁጥር ብቻ ብናስበው በአንዱ ፒ.ኤም.ኤን. ፈንጂ ውስጥ ያለው ቅመም 120 ሚሊዮን ሊትር ውሃ እስከዚህ ልክ ሊያደርስ ይችላል። ዐፈሩ የሚበዛውን ስለሚይዝና ረቂቃን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ስለሚያፈርሱት በእውነቱ እንዲህ አይሆንም፤ ነገር ግን ጥቂት የተባለው ነገር ምን ያህል ጥቂት እንዳልሆነ ይህ ስሌት ያስረዳል።

የቅመሙ ጉዳት በሰው ላይ የታየው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። በእንግሊዝ አገር የጥይት ፋብሪካ ሴቶች ቲ.ኤን.ቲ.ን በእጃቸው ሲሞሉ ቆዳቸው ቢጫ ሆነ፤ ሕዝቡም በዚያ በቢጫው የወፍ ስም ይጠራቸው ጀመር። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ቅመሙ ጉበታቸውን እየጎዳ የወፍ በሽታ አመጣባቸው፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑትም ሞቱ። ደምንም ያሳንሳል። አር.ዲ.ኤክስ. በበኩሉ የነርቭን ሥራ ያውካል፤ በብዛት የገባበትን ሰው እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጠዋል። እነዚህ ሰዎች የተጎዱት በፋብሪካ ነው፤ በእርሻ ላይ የሚገኘው መጠን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን የፋብሪካ ሠራተኛ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ገበሬ ግን ቤቱም ሥራውም ምግቡም በዚያው ዐፈር ላይ ነው።

ከሌላው ዓለም የምንማረው ትልቁ ትምህርት በፈረንሳይ አገር በቬርደን አጠገብ ይገኛል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1916 በዚያ ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ ከጦርነቱም በኋላ የፈረንሳይ መንግሥት ሊታረስና ሊኖርበት የማይገባውን አገር ከልሎ ቀይ ቀጠና ብሎ ሰየመው። ከዚያ አገር ሁሉ እጅግ የተመረዘው ስፍራ ግን ጥይት የወደቀበት አይደለም፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ 200,000 የሚሆን የመርዝ ጥይት ተሰብስቦ የተቃጠለበት አንድ ሜዳ ነው። በ2007 የወጣው ጥናት እንዳስረዳው በዚያ ሜዳ አርሴኒክ የተባለው መርዝና ሌሎች ማዕድናት እጅግ በዝተው ተገኝተዋል፤ ከ80 ዓመት በኋላም በመካከሉ ሣር አልበቀለም። ያን ሜዳ ያጠፋው ጠላት አልነበረም፤ ለማጽዳት የተደረገው ሥራ ራሱ ያለ ጥንቃቄ ስለ ተደረገ ነው። እንዲሁም በአሜሪካ አገር በኬፕ ኮድ ከነበረው የጦር ልምምድ ሜዳ አር.ዲ.ኤክስ. ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ወርዶ ተገኘ፤ በ1997 ተኩሱ እንዲቆም ታዘዘ፤ ውሃውን ማጥራቱም የብዙ ዓመት ሥራ ሆነ። በዚያ ሜዳ ጦርነት ተደርጎ አያውቅም።

በእኛም አገር ቢሆን በሰሜን ሸዋ ዘረት በተባለው ስፍራ በሚገኘው ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በሰናፍጭ ጋዝና አርሴኒክ ባለበት የመርዝ ጥይት እንደ ፈጃቸው ይታወቃል። የኢጣልያ የታሪክ ጸሐፊ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ዋሻውን ሄዶ አይቶ ነገሩን ለዓለም ገልጧል። አርሴኒክ እንደ ሌላው ቅመም ፈርሶ የሚጠፋ ነገር አይደለምና እንዲህ ያለው ቦታ ለመታሰቢያ በሚከበርበት ጊዜ ዐፈሩም ሊመረመር ይገባዋል።

አሁን ወደ ሐድያና ወደ ከምባታ እንመለስ። የዚያ አገር ሕዝብ ዋና ምግብ እንሰት ነው። እንሰት ከ4 እስከ 7 ዓመት በዐፈር ውስጥ ቆይቶ የሚደርስ ተክል ነው፤ ከስንዴና ከጤፍ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ስንዴ ዐፈሩን የሚያውቀው ጥቂት ወር ነው። ከዚህም በላይ የሚበላው በምድር ውስጥ ያለው አሚቾና ከሥሩ የቆመው ግንድ ነው፤ ቲ.ኤን.ቲ.ም የሚጣበቀው በሥር ዙሪያ ባለው ዐፈር እንደ ሆነ ቀደም ብለን ተናግረናል። የተፋቀውም ቆጮ በጉድጓድ ተቀብሮ እንዲብላላ ለብዙ ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ወር ይቀመጣል፤ በምግቡና በዐፈሩ መካከል ያለው መጋረጃ የኮባ ቅጠል ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላው ሕዝብ ዐፈርን የሚያስበው ስለ እርሻ ሲያስብ ሲሆን፣ የእንሰት አገር ሰው ግን ዐፈርን እንደ ጎተራውና እንደ ማድጋው ሊቆጥረው ይገባል። ጎተራ ደግሞ እህል ከመግባቱ በፊት ይጠረጋል።

ይህ ሁሉ እናቶችን ይበልጥ ይመለከታል። እንሰት የሚፍቁ፣ ጉድጓዱን የሚምሱ፣ ከምንጭ ውሃ የሚቀዱ እነርሱ ናቸው፤ ሕፃናቱም በእንሰቱ ሥር ይጫወታሉ። ሕፃን እጁን ወደ አፉ ማድረጉን ማንም ሊከለክለው አይችልም፤ እርሳስም አእምሮውን ገና በማደግ ላይ ባለ ልጅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሁሉ የከፋ ነው።

ስለ መሬቱም ጥበት እንናገር። በሐድያና በከምባታ ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ ማሳ ይዞ ብዙ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ብዙ ነው። ወጣቱ ከሆሳዕና ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪቃ ድረስ የሚሰደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሰፊ መሬት ያለው ሰው «ይህ ጥግ ተበላሽቷል» ቢባል ጥጉን ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በዚያ አገር ያለው ገበሬ ግን የሚሄድበት ጥግ የለውም። ስለዚህም ሁለት ስሕተት እኩል ይጎዳዋል። የተመረዘውን መሬት ንጹሕ ነው ብለው ቢሰጡት ጤናውን ያጣል፤ ንጹሑን መሬት ያለ ምርመራ ተመርዟል ብለው ቢከለክሉት እንጀራውን ያጣል። ከሁለቱም የሚያድነው መለካት ብቻ ነው።

መለካቱም እንደሚታሰበው ከባድ አይደለም። ቅመሙ በዐፈር ላይ እንደ ጠጠር ተበታትኖ ስለሚገኝ ከአንድ ቦታ ብቻ የተነሣ ዐፈር ያሳስታል፤ ከአንድ ማሳ ከ30 እና ከዚያ በላይ ከሚሆኑ ነጥቦች ጥቂት ጥቂት ተነሥቶ አንድ ላይ ተቀላቅሎ መመርመር አለበት። ቲ.ኤን.ቲ. ያለበት ዐፈር በአሴቶን ታጥቦ ውሃው ከተጣራ በኋላ የሚገባው ቅመም ሲጨመርበት ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ይህም በሜዳ ላይ በጥቂት ገንዘብ ሊሠራ የሚችል ነው። ቀለሙ በታየበት ቦታ ብቻ ናሙናው ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ይላካል። በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ኬሚስትሪና ግብርና የሚማሩ የአገሩ ልጆች አሉ። ለእነርሱ ከዚህ የሚበልጥ ለወገን የሚጠቅም የመመረቂያ ሥራ አይገኝም።

መርዙ የተገኘ እንደ ሆነም ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በአሜሪካ አገር በኦሬጎን ዩማቲላ በተባለው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት በጥይት እጣቢ የተመረዘውን ዐፈር በ1990ዎቹ ያከሙት በፍግ ነው። ዐፈሩን ከከብትና ከዶሮ ፍግ፣ ከሰጋቱራና ከድንች ተረፈ ምርት ጋራ እያገላበጡ አብላሉት፤ በፍጉ ሙቀት የሚሠሩት ረቂቃን ነፍሳት ቅመሙን አፈረሱት፤ የቀረውንም ከብስባሹ ጋራ አሰሩት። የሐድያና የከምባታ ገበሬ ፍግ ማብላላትን ከማንም አይማርም፤ እንሰቱን በትውልድ ሁሉ ያኖረው በፍግ ነው። እንዲሁም ለእርከን ማጠናከሪያ የሚተከለው ቬቲቨር የተባለው ሣር ቲ.ኤን.ቲ.ን በሥሩ እንደሚስብ በፈተና ታይቷል። ኖራም በብዛት ሲጨመር ቅመሙን ያፈርሳል፤ ይህ ግን ለአሲዳማ እርሻ ከሚበተነው መጠን እጅግ ስለሚበልጥና ሰብልን ስለሚጎዳ የሚገባው ለማቃጠያው ጉድጓድ እንጂ ለማሳ አይደለም። እርሳስና አርሴኒክ ግን በፍግ አይፈርሱም፤ እነርሱ በተገኙበት ስፍራ የላይኛው ዐፈር ተነሥቶ በተከለለ ቦታ መቀበር አለበት።

አንዳንድ ሰዎች «እግር የሚቆርጠው ፈንጂ ገና ሳይነቀል ስለ ዐፈር መርዝ ማውራት ቅንጦት ነው» ይሉ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን እኛም አንክድም፤ የሚፈነዳው ይቅደም። ነገር ግን ለዐፈር የሚደረገው ጥንቃቄ የሚነቅለውን ሰው እጅ የሚያዘገይ አይደለም። ፈንጂው በሚገባ ተሟልቶ እንዲፈነዳ ማድረግ፣ የማፈንጃውን ጉድጓድ ከምንጭና ከወንዝ ማራቅ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ቦታ አለመደጋገም፣ በመጨረሻም ከጉድጓዱ ዐፈር አንሥቶ ማስመርመር፤ ይህ ሁሉ ሥራው እየተሠራ የሚደረግ ነው። በዓለም አቀፉ የፈንጂ ማስወገድ ደንብ ውስጥም አካባቢን ስለ መጠበቅ የተጻፈ ክፍል አለ። ዛሬ በጥቂት ብር የሚመረመረው ጉድጓድ ነገ በቬርደን እንዳለው ሜዳ ከሆነ በወርቅም አይጸዳም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ሌሎች ደግሞ «በሐድያና በከምባታ የፈንጂ ሜዳ የለም፤ ለምን እኛን ታስጨንቃላችሁ?» ቢሉ መልሳችን ይህ ነው። ፈንጂ ከተቀበረበት አገር ብረት በመኪና ይመጣል፤ ቁርጥራጩም ከገበያ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ይገባል፤ ማረሻና ቢላዋም ይሆናል። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ ስለሚሆንበት ዘመን የተናገረው በጎ ተስፋ ነው፤ ሆኖም ባዶ የመሰለው የጥይት ቀፎ በውስጡ ቅመም ሊኖርበት ስለሚችል ወደ እሳት ሲገባ ማረሻ ሳይሆን ሐዘን ይሆናል። ደግሞም ለመንገድና ለድንጋይ ካባ በየጊዜው የሚፈነዳው ድማሚት አለ። ይህ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በአሞኒየም ናይትሬት ነው፤ ሳይቃጠል የቀረው በዝናም ታጥቦ ወደ ምንጭ ሲወርድ በውሃው ውስጥ ናይትሬት ያበዛል፤ ይህም በጡጦ ለሚያድግ ሕፃን አደገኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከሩቅ አውራጃ ብቻ የሚሰማ ወሬ አይደለም፤ ከተማቸው በየዓመቱ እየሰፋች ለሄደችው ለሆሳዕና ሹማምንት የራሳቸው የቤት ሥራ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለመንግሥት ሠራተኞች የምናሳስበው ግልጽ ነው። በየወረዳው አሮጌ ጥይት የተገኘበት፣ የተቃጠለበትና የተፈነዳበት ቦታ ሁሉ በቀንና በስፍራ ስሙ በመዝገብ ይጻፍ፤ ሹም ቢለወጥ መዝገቡ አይለወጥምና። በቁሊቶ አካባቢ ሽማግሌዎች የነገሩዋቸውን የምሽግ ቦታዎች የሚያውቁ ሰዎች ሳያልፉ ይጠየቁ። የግብርና፣ የጤናና የውሃ መሥሪያ ቤቶች ይህን መዝገብ በየግላቸው ሳይሆን በአንድነት ይመልከቱት፤ ምንጭ ሲጎለብት፣ የድንጋይ ካባ ሲፈቀድ፣ ለትምህርት ቤት ቦታ ሲሰጥ አስቀድሞ ይገለጥ። ፈንጂ ለሚነቅሉት ወታደሮችም ጓንትና የእጅ መታጠቢያ ሳይጎድል ይሰጣቸው፤ ለሌላው ሲሉ ቅመሙን በእጃቸው የሚነኩ እነርሱ ናቸውና። የምርመራውም ውጤት በቢሮ ተቆልፎ አይቀመጥ፤ መልካምም ሆነ ክፉ ለገበሬው በሚሰማው ቋንቋ በሐድይኛና በከምባትኛ ይነገረው።

ለቄሱም፣ ለሰባኪውም፣ ለሼኩም የምንለው አለን። ሕዝቡ ከመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይልቅ የእናንተን ቃል ይሰማል። ጥይት ያገኘ ሰው እንዳይነካው፣ እንዳይፈታው፣ ለሽያጭም እንዳያወጣው፣ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ እንዲያመለክት በየጉባኤው ንገሩት። የጠበል ምንጭ ያላችሁም አጠገቡ ፍንዳታ የተደረገበት ቦታ ወይም የድንጋይ ካባ ቢኖር ውሃው እንዲመረመር ፍቀዱ፤ ምርመራው እምነትን የሚቃወም አይደለም፤ የሚጠመቀውንና የሚጠጣውን ሕዝብ መጠበቅ ነው። የሰው ልጅ ከዐፈር እንደ ተሠራና ወደ ዐፈር እንደሚመለስ ዘወትር ታስተምራላችሁ፤ በመካከል ያለውንም ዘመን ከዐፈር እየበላ እንደሚኖር ጨምራችሁ አስተምሩት።

ጦርነት በተደመደመ ጊዜ ውል ይፈረማል፤ ሠራዊቱም ወደ ሰፈሩ ይገባል። ዐፈር ግን ውል አይፈርምም፤ የተሰጠውን ተቀብሎ ይይዛል፤ በጊዜውም በእንሰቱ ሥርና በምንጩ ዐይን መልሶ ይሰጣል። እንግዲህ መልሶ የሚሰጠን ምን እንደ ሆነ ከመብላታችን አስቀድመን ማወቅ የእኛ ፈንታ ነው። ፈንጂ የተነሣበትን መሬት ለገበሬው የሚያስረክብ ሹም በአንድ እጁ የምስክር ወረቀቱን፣ በሁለተኛው እጁ የዐፈሩንና የውሃውን የምርመራ ውጤት ይዞ ቢቀርብ፣ ያን ጊዜ «መሬትህ ጠርቷል» የሚለው ቃሉ ሙሉ ቃል ይሆናል።